ፊልምና ዐውደ ርእይ በአንድ ጣሪያ ሥር፦ የአንድ የዘመናዊ ጥበብ ማዕከል ሳምንት (የጉዳይ ጥናት)

ፊልም ጨለማና ጸጥታ ይፈልጋል። ወረቀት ላይ የተሠራ ሥዕል ደብዘዝ ያለ፣ ቀኑን ሙሉ የማይለዋወጥ ብርሃን ይፈልጋል። የቪዲዮ ሥራ ጨለማውንም ይፈልጋል፣ የራሱን ድምፅም ይዞ ይመጣል። ሦስቱን በአንድ ሕንፃ፣ በአንድ ሳምንት፣ በጥቂት ሠራተኞች ለማሳየት የሚነሣ ማዕከል ሁሉ የሚገጥመው ችግር ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው። ከዚህ በታች የሰፈረው አንድ ማዕከል ያሳለፈው እንዲህ ያለ ሳምንት ነው። የማዕከሉም የሰዎቹም ስም አልተጠቀሰም፤ ልኬቱና የሥራው ቅደም ተከተል ግን ሌላው እንዲጠቀምበት በዝርዝር ተቀምጧል።

## ሕንፃውና ፕሮግራሙ

ማዕከሉ ቀድሞ መጋዘን ነበር። 120 ሰው የሚይዝ የፊልም አዳራሽ አለው። ከአዳራሹ ጋር ግድግዳ የሚጋራ አንድ ክፍል አለ፤ በሕንፃው ተቃራኒ ጫፍ ደግሞ በስፋት የሚቀራረበው ሌላ ክፍል። ሁለቱን የሚያገናኘው አንድ ጎኑ በሙሉ መስኮት የሆነ ረጅም ኮሪደር ነው፤ መስኮቶቹ ወደ ምዕራብ ያያሉ። አዳራሹን ከጎረቤቱ ክፍል የሚለየው መጋዘኑ ሲታደስ የቆመ፣ በብረት ቋሚ ላይ የተለበጠ የጂፕሰም ቦርድ ግድግዳ ነው። የሳምንቱ ትልቁ ጣጣ የመጣው ከዚህ ግድግዳ ነው።

ዝግጅቱ ከማክሰኞ እስከ እሑድ ቆየ። ርእሰ ጉዳዩ የምስል ማህደር ነበር፦ የቆዩ የቤተሰብ ፊልሞች፣ የተረሱ ፎቶግራፎችና የዜና ቅጂዎች በዛሬ አርቲስቶች እጅ ሲገቡ ምን እንደሚሆኑ ማሳየት። ዐውደ ርእዩ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ክፍት ነው። ፊልም በየምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ይታያል፤ ቅዳሜና እሑድ ከቀኑ 9 ሰዓት ተጨማሪ ማሳያ አለ። በድምሩ ስምንት ማሳያዎች ነበሩ።

በዐውደ ርእዩ 28 ፎቶግራፎችና የእርሳስ ሥዕሎች፣ እንዲሁም አራት የተንቀሳቃሽ ምስል ሥራዎች ቀርበዋል። የመጀመሪያው በሦስት ስክሪን ላይ ተናቦ የሚሄድ የ11 ደቂቃ ቪዲዮ ነው፤ ድምፁ ዝግ ያለ፣ ረጅም የባስ ጉምጉምታ ያለበት። ሁለተኛው በ4 ሜትር ስፋት ግድግዳ ላይ የሚታይ የ22 ደቂቃ ቪዲዮ ነው። ሦስተኛው በ16 ሚሊ ሜትር የፊልም ፕሮጀክተር ያለማቋረጥ የሚዞር፣ የ3 ደቂቃ ድምፅ አልባ ፊልም ነው። አራተኛው በሞኒተርና በጆሮ ማዳመጫ የሚታይ የ47 ደቂቃ ሥራ ሲሆን ሳምንቱን ሙሉ ማንንም አላስቸገረም፤ ቦታ የጠበበው ማዕከል ይህን አቀራረብ አዘውትሮ ሊያስብበት ይገባል።

## ችግሩ የተደበቀበት ቦታ

የፊልም ፕሮግራሙ አዘጋጅ የራሳቸው የሰዓት ሠንጠረዥ ነበራቸው፤ ኩሬተሯ (የዐውደ ርእዩ አዘጋጅ) ደግሞ የራሳቸው የክፍል ንድፍ። ለየብቻ ሲታዩ ሁለቱም ጥሩ ነበሩ። ንድፉ የሦስት ስክሪኑን ሥራ ከአዳራሹ ጎን ባለው ክፍል አስቀመጠ፤ ተመልካች በዋናው በር ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው እሱን እንዲሆን። ሠንጠረዡ የፊልም ፍተሻውን በየቀኑ ከ7 እስከ 9 ሰዓት መደበ። ሁለቱ ወረቀቶች በአንድ ጠረጴዛ ላይ የተገናኙት ከመክፈቻው ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ ነው። ያኔ የታየው ነገር ግልጽ ነበር፦ ፍተሻውም የቅዳሜና የእሑዱ የቀን ማሳያም ዐውደ ርእዩ ሰው በሚበዛበት ሰዓት ላይ ወድቀዋል።

የቴክኒክ ኃላፊው የብርሃንና የድምፅ መለኪያ ይዘው ሕንፃውን በሦስት የተለያዩ ሰዓቶች ዞሩ። ኮሪደሩ ጠዋት በ60 ሉክስ (አንድ ገጽ ላይ የሚያርፍ ብርሃን መለኪያ) አካባቢ ነበር፤ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ፀሐይ በመስኮቶቹ ስትገባ ከ400 ሉክስ በላይ ወጣ። ለወረቀት ሥራ በሙዚየሞች የተለመደው ጣሪያ 50 ሉክስ ነው። ከኮሪደሩ ሾልኮ የሚገባው ብርሃን በ4 ሜትሩ ምስል ላይ 20 ሉክስ ያህል ያርፍ ነበር።

የድምፁ ልኬት መጀመሪያ አሳሳተ። መለኪያው በተለመደው የ«ኤ» ሚዛን ሲነበብ ከጎረቤቱ ክፍል ወደ አዳራሹ የሚያልፈው ድምፅ እዚህ ግባ የማይባል ነበር። አዳራሹ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ግን ጉምጉምታውን በደረቱ ጭምር ይሰማዋል። ልዩነቱ የመጣው ከሚዛኑ ነው። የ«ኤ» ሚዛን በ63 ኸርዝ ላይ ያለን ወፍራም ድምፅ (ባስ) 26 ዴሲቤል ያህል ዝቅ አድርጎ ያነባል፤ የ«ሲ» ሚዛን ግን ከ1 ዴሲቤል ያነሰ ብቻ ይቀንሳል። መለኪያው ወደ «ሲ» ሲዞር ችግሩ በቁጥር ታየ። በስልክ መተግበሪያ የለኩ ሠራተኞችም ነበሩ፤ የስልክ ማይክሮፎን ባስን በደንብ ስለማይዝ የእነሱ ንባብ ለዚህ ሥራ አልረባም።

## ድምፅ

መጀመሪያ የተሞከረው መጋረጃ ነው። ወፍራም ቬልቬት በግድግዳው ሙሉ ርዝመት፣ በሁለቱም ጎን ተሰቀለ። በክፍሉ ውስጥ የነበረው ማስተጋባት ቀነሰ፤ የቪዲዮው ንግግርም ጠራ። ወደ አዳራሹ የሚያልፈው ጉምጉምታ ግን ንቅንቅ አላለም። መጋረጃ የሚውጠው ቀጭኑን ድምፅ ነው። በ63 ኸርዝ የአንድ ሞገድ ርዝመት ከ5 ሜትር ይበልጣል፤ ያንን የሚገታው የግድግዳ ክብደት ወይም ርቀት ነው። ቀላል የጂፕሰም ግድግዳ ለባስ እንደ ከበሮ ቆዳ ነው፤ አብሮ ይርገበገባል።

ቀጥሎ ሁለት አማራጮች ቀረቡ። አንደኛው በግድግዳው ላይ ተጨማሪ የቦርድ ንብርብር መምታት ነበር። ይህ ሊረዳ ይችላል፤ ሆኖም በጣሪያና በወለል በኩል ያለው ክፍተት ሁሉ በሚለጠጥ ማሸጊያ ካልተደፈነ ድካሙ ከንቱ ነው፤ ለቀለምና ለማድረቂያ የሚሆን ጊዜም አልነበረም። ሁለተኛው የቪዲዮውን ባስ በፊልተር መቁረጥ ነበር። አርቲስቱ እምቢ አሉ፤ ልክም ነበሩ። የሥራው ክብደት ያለው በዚያ ጉምጉምታ ውስጥ ነው። እሱን አውጥቶ ሥራው ታይቷል ማለት ተመልካችን ማታለል ነው።

መፍትሔው የተገኘው ክፍሎቹን በማለዋወጥ ነው። የሦስት ስክሪኑ ሥራ ወደ ሕንፃው ተቃራኒ ጫፍ ሄደ፤ የ16 ሚሊ ሜትሩ ፊልም ከአዳራሹ ጎን ወዳለው ክፍል መጣ። እዚህ ላይ አንድ ሰው «ፕሮጀክተሩስ ጫጫታ የለውም ወይ?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። አለው፤ ለጆሮ ደግሞ ከቪዲዮው ባስ ይበልጥ ጎልቶ ይሰማል። ነገር ግን የሞተሩና የጥርሱ ጠቅጠቅታ መካከለኛና ቀጭን ድምፅ ነው፤ ያንን የጂፕሰም ግድግዳ በደንብ ያቆመዋል፤ የተሰቀለው ቬልቬትም የቀረውን ይውጠዋል። ያው ግድግዳ ለአንዱ ድምፅ ወንፊት፣ ለሌላው መከላከያ ሆነ።

ኩሬተሯ ወዲያው አልተስማሙም። በእሳቸው ንድፍ ተመልካቹ ከትልቁ ሥራ ጀምሮ ወደ ትንሹ መሄድ ነበረበት፤ አሁን ተገለበጠ። ያሳመናቸው ክርክር ሳይሆን ሙከራ ነው። አዳራሹ ውስጥ ተቀምጠው፣ ጸጥ ያለ ትዕይንት ያለው ፊልም እየታየ፣ በጎን ቪዲዮው እንዲሠራ ተደረገ። ሁለት ደቂቃ በቂ ነበር። ከዚያ በኋላ የመግቢያውን ጽሑፍ ራሳቸው እንደገና ጻፉት።

ዝውውሩ የኬብል ሥራ አስከትሏል። ሦስቱ ማጫወቻዎች በአንድ ሣጥን ውስጥ ሆነው ረጅም የኤችዲኤምአይ ኬብል ወደየፕሮጀክተሩ ሊዘረጋ ታስቦ ነበር። ተራ የመዳብ ኤችዲኤምአይ ከ10 ሜትር በላይ ሲረዝም፣ በተለይ በ4ኬ ምስል፣ መቆራረጥ ይጀምራል። ስለዚህ እያንዳንዱ ማጫወቻ በየፕሮጀክተሩ ጎን ተሰቀለ፤ ረጅም የሆነው ሦስቱን የሚያናብበው የኔትወርክ ኬብል ብቻ ነው፤ እሱ እስከ 100 ሜትር ያለ ችግር ይሄዳል። የድምፁ መጠን አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተለክቶ፣ አርቲስቱ ከተስማሙበት በኋላ በወረቀት ሰፈረ፤ የማጉያው መቆጣጠሪያም በቴፕ ታሸገ። ይህ ካልተደረገ በሦስተኛው ቀን ማን ከፍ እንዳደረገው፣ ማን ዝቅ እንዳደረገው አይታወቅም።

## ብርሃን

የብርሃን ጉዳት ይደመራል፤ የደበዘዘ ወረቀት አይመለስም። በ50 ሉክስ፣ በቀን 8 ሰዓት፣ ለስድስት ቀን የተሰቀለ ሥራ 2,400 ሉክስ-ሰዓት ይቀበላል። አማካዩ 200 ሉክስ ቢሆን ድምሩ 9,600 ይሆናል፤ ይህም ሥዕሉ በአንድ ሳምንት የአራት ሳምንት ብርሃን ተቀበለ ማለት ነው። የተዋሱትን ሥራ ለባለቤቱ የሚመልሱ ሰዎች ይህን ሒሳብ አስቀድመው መሥራት አለባቸው።

መስታወት ላይ የሚለጠፍ ማጥቆሪያ ታስቦ ቀረ፤ ጠዋት ከሚገባው በላይ ያጨልማል፣ ፀሐይዋ በቀጥታ ስትመታ ደግሞ አይበቃም። በምትኩ ከመስኮቶቹ 30 ሴንቲ ሜትር ርቆ የኮምፔርሳቶ ግድግዳ ቆመ፤ ከላይና ከታች አየር የሚያልፍበት ክፍተት ተተወለት። ክፍተቱ ግዴታ ነው፤ ከሰዓት በኋላ በመስታወቱና በእንጨቱ መካከል የሚጠራቀመው ሙቀት ከባድ ነው። በዚህ ምክንያት በኮምፔርሳቶው ላይ አንድም ሥራ አልተሰቀለም፤ ሁሉም ከማዶ ባለው ዋና ግድግዳ ላይ ሆኑ፤ የሥራዎቹ መካከል ከወለል 150 ሴንቲ ሜትር ላይ።

በ50 ሉክስ ውስጥ ሥዕል ደህና አድርጎ ለማየት ዓይን መለማመድ ያስፈልገዋል። ከውጭ የገባ ሰው በቀጥታ ወደዚያ ኮሪደር ቢገባ ጨለመብኝ ይላል፤ ሠራተኛውም መብራቱን ከፍ ያደርጋል። ስለዚህ መብራቱ በደረጃ ተስተካከለ፦ በመግቢያው 150 ሉክስ፣ ቀጥሎ 80፣ ከዚያ 50። በሳምንቱ ውስጥ ስለጨለማው የቀረበ ቅሬታ ጥቂት ነበር።

ለ4 ሜትሩ ምስል መጀመሪያ የቀረበው ጥያቄ የበለጠ ብሩህ ፕሮጀክተር እንከራይ የሚል ነበር። ሒሳቡ ሌላ ነገር ያሳያል። 5,000 ሉመን (ፕሮጀክተሩ የሚያወጣው ጠቅላላ ብርሃን) በ4 ሜትር በ2.25 ሜትር ምስል ላይ ሲበተን፣ ማለትም በ9 ካሬ ሜትር ላይ፣ ወደ 555 ሉክስ ይሆናል። በዚያ ላይ ከውጭ 20 ሉክስ ሲያርፍ በነጩና በጥቁሩ መካከል ያለው ልዩነት ወደ 29 ለ1 ይወርዳል። የውጭው ብርሃን ወደ 2 ሉክስ ቢቀንስ፣ የፕሮጀክተሩ የራሱ ጥቁር ሳይቆጠር፣ ያው ልዩነት ወደ 280 ለ1 ይደርሳል። ያው ፕሮጀክተር፣ ያው ፋይል። የፕሮጀክተሩን ጉልበት እጥፍ ማድረግ እንኳ ከ29 ወደ 57 ገደማ ብቻ ነው የሚያደርሰው።

ስለዚህ ገንዘቡ ወደ በሩ ሄደ። መጋረጃ ብቻ አልበቃም፤ ሰው በገባና በወጣ ቁጥር ይከፈታል። ሁለት ጣውላ ሰሌዳዎች ተቃራኒ ሆነው፣ ጫፋቸው ተደራርቦ፣ በመካከላቸው 1.2 ሜትር መተላለፊያ እንዲኖር ቆሙ፤ ውስጣቸው በማያብረቀርቅ ጥቁር ተቀባ። ሰው ተጠማዝዞ ይገባል፤ ብርሃን ግን ቀጥታ መስመር ስለሚሄድ አይጠማዘዝም። ስፋቱ ለተሽከርካሪ ወንበር ይበቃል። የጣሪያው ነጭ ቀለም የምስሉን ብርሃን መልሶ ስክሪኑ ላይ ስለሚረጨው ለስክሪኑ ቅርብ የሆነው የጣሪያው ክፍል ጥቁር ግራጫ ተቀባ። የአደጋ ጊዜ መውጫ ምልክቱ አልተሸፈነም፤ ፈጽሞ መሸፈን የለበትም። ምስሉ የሚያርፍበት ግድግዳ ተቀይሮ ምልክቱ ከተመልካቹ ጀርባ እንዲሆን ተደረገ።

## የ16 ሚሊ ሜትሩ ፊልም

በሴኮንድ 24 ፍሬም የሚሄድ የ16 ሚሊ ሜትር ፊልም በደቂቃ 36 ጫማ ይጓዛል። የ3 ደቂቃው ሥራ እንግዲህ 108 ጫማ፣ ማለትም ወደ 33 ሜትር ነው፤ ጫፍና ጫፉ ተጋጥሞ ይዞራል። በሰዓት 20 ጊዜ፣ በቀን 160 ጊዜ፣ በሳምንቱ 960 ጊዜ በፕሮጀክተሩ መስኮት፣ ብርሃኑ ፊልሙን በሚያልፍበት ቀዳዳ፣ ያልፋል። አንድ ቅጂ ይህን ሁሉ ቢሸከም በመጨረሻ የሚታየው ጭረት ነው። ፊልሙ በየ15 ደቂቃው ብቻ እንዲሠራ ሐሳብ ቀርቦ አርቲስቷ አልተቀበሉትም፤ የፕሮጀክተሩ ድምፅ ያለማቋረጥ መሰማቱ የሥራው አካል ነው። በምትኩ ሦስት ቅጂ ላኩ። ቅጂው በየሁለት ቀኑ ተቀየረ፤ ለእያንዳንዱ 320 ዙር ደረሰው።

ቅጂዎቹ ፖሊስተር ነበሩ። ይህን አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። አሲቴት ፊልም በፊልም ሲሚንቶ ይጣበቃል፤ ፖሊስተር ግን በቴፕ ወይም በአልትራሳውንድ መሣሪያ ብቻ ነው የሚጋጠመው። ቴፑ በአምፖሉ ሙቀት ሙጫው ይወጣል፤ ሙጫው አቧራ ይሰበስባል፤ አቧራው በመስኮቱ ላይ ይቀመጣል። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የደረሰው ይኸው ነው፤ መጋጠሚያው ተጣብቆ ፊልሙ ቆመ። ፖሊስተር በቀላሉ አይበጠስም፤ ሲጨናነቅ የሚሰበረው ፕሮጀክተሩ ነው። በክፍሉ የነበረችው አስተናጋጅ አስቀድሞ በተነገራት መሠረት አምፖሉንም ሞተሩንም ወዲያው አጠፋች። አምፖሉ በቆመ ፊልም ላይ ቢቆይ ኖሮ ያ ፍሬም ይቀልጥ ነበር። ፊልሙ ከግማሽ ሰዓት በኋላ መዞር ጀመረ።

ከዓርብ ጀምሮ መጋጠሚያው በየጠዋቱ በአዲስ ቴፕ ተተካ። የፕሮጀክተሩ መስኮት በለስላሳ ብሩሽና በእንጨት ስንጥር ተጠረገ፤ ብረት አይነካውም። አምፖሉ ሌላ ጉዳይ ነው። ባለ 24 ቮልት፣ 250 ዋት የተለመደው የሃሎጂን አምፖል ዕድሜው ወደ 50 ሰዓት ነው። በቀን 8 ሰዓት ለስድስት ቀን 48 ሰዓት ይሆናል። አንድ አምፖል ሳምንቱን ይዘልቃል ብሎ የሚያስብ ሰው ሰው በሚበዛበት በእሑድ ከሰዓት ሊጨልምበት ይችላል። አምፖሉ ሐሙስ ማታ፣ ሳይቃጠል፣ ተቀየረ።

## የዓርቡ ፊልም

በሲኒማ ቤት ደረጃ የሚላክ ፊልም ዲሲፒ በሚባል ጥቅል ይመጣል። ጥቅሉ ትልቅ ነው፤ የ90 ደቂቃ ፊልም በከፍተኛው ፍጥነት፣ በሴኮንድ 250 ሜጋ ቢት፣ ወደ 169 ጊጋ ባይት ይሆናል። በአሮጌ የዩኤስቢ ወደብ በሴኮንድ 30 ሜጋ ባይት እየተገለበጠ ወደ ሰርቨሩ ሲገባ ከፊልሙ ርዝመት የሚበልጥ ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ የሳምንቱ ፊልሞች ሁሉ ከመክፈቻው በፊት ተገልብጠው አለቁ። እስከዚህ ጥሩ ነበር።

የዓርቡ ፊልም ግን የተቆለፈ ነበር። ቁልፉ፣ ኬዲኤም የሚባለው ትንሽ ፋይል፣ በሦስት ነገር የታሰረ ነው፦ በአንድ የተወሰነ ሰርቨር፣ በአንድ የተወሰነ የፊልሙ ቅጂ፣ በአንድ የተወሰነ የጊዜ ገደብ። ሦስቱም እዚህ ችግር ፈጠሩ። የማዕከሉ ሰርቨር ቀደም ሲል ተጠግኖ ዋናው የምስል ካርዱ ተለውጧል፤ የፊልሙ አከፋፋይ ዘንድ የነበረው የሰርቨሩ ምስክር ወረቀት (ቁልፉ የሚሠራበት ዲጂታል መታወቂያ) ግን የአሮጌው ካርድ ነበር። ረቡዕ ላይ ሰርቨሩ ቁልፉን አልቀበልም አለ። አዲስ ምስክር ወረቀት ተልኮ አዲስ ቁልፍ መጣ፤ የጊዜ ገደቡ ግን የሚጀምረው ዓርብ ቀትር ነበር፤ ስለዚህ ሐሙስ መፈተሽ አልተቻለም። ዓርብ 7 ሰዓት ላይ ሲከፈት ደግሞ ቁልፉ የሚስማማው የግርጌ ጽሑፍ ካለው ቅጂ ጋር መሆኑ ታወቀ። ያ ቅጂ በዲስኩ ላይ በተለየ አቃፊ የመጣ ትንሽ ተጨማሪ ጥቅል ነበር፤ የገለበጠው ሠራተኛ ትልቁን ብቻ አይቶ ትንሹን ትቶታል። ትንሹን ማስገባት ጥቂት ደቂቃ ብቻ ወሰደ።

ፊልሙ በሰዓቱ ጀመረ፤ ነገር ግን የድምፅ ፍተሻው ጊዜ በቁልፉ ጉዳይ አልቆ ነበር። የድምፁ መቆጣጠሪያ በመደበኛው 7 ላይ ተትቶ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ጆሮ የሚጎዱ ሆኑ። ለዚያ አዳራሽ 5.5 አካባቢ ይበቃል። ኦፕሬተሩ ቀስ እያለ አወረደው።

የማህደር ፊልሞቹ ማሳያ የራሱ ጥንቃቄ ነበረው። ድምፅ አልባ የሆኑት አንዳንዶቹ በሴኮንድ 18 ፍሬም የተቀረጹ ናቸው፤ በ24 ቢታዩ ሰው ሁሉ ይሯሯጣል። በ24 የተሠራ ፊልም በ25 ሲታይ ደግሞ 4 በመቶ ይፈጥናል፤ 90 ደቂቃው ወደ 86 ተኩል ይወርዳል፤ ድምፁም ይቀጥናል። ኦፕሬተሩ ከየፋይሉ የፍሬም ፍጥነትን አንብቦ በሠንጠረዡ ላይ በቀይ ጻፈ። ምስላቸው ለካሬ የቀረበ በመሆኑ በስክሪኑ ግራና ቀኝ የሚቀረው ባዶ ቦታ በጥቁር ጨርቅ ተሸፈነ፤ ያለዚያ ባዶው ግራጫ ሆኖ የምስሉን ጥቁር ያደበዝዛል።

## የኤሌክትሪክ መቋረጥ

ረቡዕ ጠዋት ኤሌክትሪክ ለአጭር ጊዜ ተቋርጦ ተመለሰ። ሁሉም መሣሪያ በአንድ ጊዜ ተነሣ። ማጫወቻዎቹ በሴኮንዶች ውስጥ ዝግጁ ሆኑ፤ ፕሮጀክተሮቹ ግን ገና እየሞቁ ነበሩ። ማጫወቻ ሲነሣ የፕሮጀክተሩን መልስ ካላገኘ በራሱ የመረጠውን የምስል መጠን ይልካል፤ ወይም ምንም አይልክም። ከሦስቱ ስክሪን አንዱ ጨለመ፣ ሌላው ምስሉ ተቆርጦ ወጣ። ያን ቀን የረዳው ፕሮጀክተሮቹ እስኪበሩ ጠብቆ ማጫወቻዎቹን እንደገና ማስነሣት ነው። ማታውኑ በእያንዳንዱ ማጫወቻ የምስሉ መጠንና ድግግሞሹ በቋሚነት ተሞላ፤ ለ25 ፍሬም ሥራ 50 ኸርዝ። ከዚያ በኋላ ማንም ሳይነካቸው በራሳቸው ተነሥተዋል።

## የሰው እንቅስቃሴ

ቅዳሜ የቀኑ ማሳያ ሲያልቅ አዳራሹን የሞላው ሰው በአንድ ጊዜ ወደ ኮሪደሩ ወጣ፤ ቦርሳና ትከሻ ፍሬሞቹን ታከከ። ጉዳት አልደረሰም፤ ሊደርስ ግን ይችል ነበር። እሑድ ከመጨረሻው ክሬዲት በፊት የጎን በር ተከፈተ፤ በኮሪደሩ ላይ ከግድግዳው 60 ሴንቲ ሜትር ርቆ ገመድ ተዘረጋ። ከፊልሙ በኋላ የሚደረገው ውይይት አዳራሹ ውስጥ ሆነ፤ የቤቱ መብራት ወደ ግማሽ ብቻ ከፍ አለ፤ ጠያቂዎች ማይክሮፎን እንዲይዙ ሆነ።

በእያንዳንዱ የቪዲዮ ሥራ መግለጫ ላይ ርዝመቱና የሚጀምርበት ሰዓት ተጻፈ። ይህ ትንሽ ነገር ነው፤ ውጤቱ ግን ከሌላው ሁሉ ቀድሞ ታየ። ሰዎች «በ20 ደቂቃ እንመለስ» ብለው ይሄዱና በሰዓቱ ይመጡ ጀመር፤ ከመሐል ገብተው ከመሐል የሚወጡት ቀነሱ።

## ለሌላ ማዕከል የሚሆን

ፊልምና ዐውደ ርእይ የሚጋሩት ሕንፃ ነው፤ ስለዚህ የሰዓት ሠንጠረዡም አንድ መሆን አለበት። ይህ ማዕከል ከረቡዕ ጀምሮ የተጠቀመበት ወረቀት በጎን ክፍሎቹን፣ በአናት ሰዓቶቹን ይዟል፤ በእያንዳንዱ ሳጥን ውስጥ ሦስት ነገር ብቻ ተጽፏል፦ ብርሃን፣ ድምፅ፣ በቦታው ያለው ሰው። በየበሩ ተለጠፈ። በስልክ ቡድን ውስጥ የሚላኩ መልእክቶች ይህን አልተኩም፤ አስተናጋጆች በሥራ ሰዓት ስልክ አያዩም፤ የሰኞው መልእክትም በረቡዕ መልእክት ይዋጣል።

የትኛው ሥራ ከየትኛው ጋር ግድግዳ ይጋራ የሚለው ጥያቄ ከሥራዎቹ ቅደም ተከተል በፊት ይምጣ። ኩሬተር ይህን እንደ ቴክኒክ ጣልቃ ገብነት ማየት የለበትም። ድምፁ ሌላ ፊልም ውስጥ የሚሰማ ሥራ በራሱም በሌላውም ላይ በደል ነው። ባስ ያለበትን ሥራ ከቀላል ግድግዳ አርቁት፤ መካከለኛና ቀጭን ድምፅ ያለውን ግን ማስጠጋት ይቻላል። ልኬቱ ደግሞ በ«ሲ» ሚዛን፣ ግድግዳ ከመቀባቱ በፊት ይሁን።

ለተቆለፈ ፊልም ቁልፍ ሲጠየቅ የሰርቨሩ የአሁን ምስክር ወረቀት አብሮ ይላክ፤ የሚፈለገው ቅጂ ሙሉ ስም ይጻፍ፤ የጊዜ ገደቡ ከማሳያው ቢያንስ ሁለት ቀን ቀድሞ እንዲጀምርና ከማሳያው በኋላም እንዲቆይ ይጠየቅ፤ ሰዓቱ ደግሞ ከዓለም አቀፉ ሰዓት ያለው ልዩነት ተጠቅሶ ይጻፍ። አከፋፋዮች እንዲህ ያለውን ጥያቄ ብዙ ጊዜ ያለ ችግር ይቀበላሉ፤ ካልተጠየቁ ግን የማሳያውን ቀን ብቻ ይሰጣሉ። ፍተሻውም ሙሉ ፊልሙን ማየት አይደለም፤ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች፣ አንድ ጮክ ያለ ትዕይንት፣ አንድ የግርጌ ጽሑፍ የበዛበት ቦታ፣ የጥቅሉ ክፍሎች የሚገናኙባቸው ነጥቦችና መጨረሻው ይበቃሉ።

ሥራዎቹን ማውረድ እሑድ ማታ አልተጀመረም፤ ውሳኔው ትክክል ነበር። ሳምንቱን የቆመ ሠራተኛ ከሌሊቱ 5 ሰዓት ላይ ፍሬም መሸከም የለበትም። የእንጨት ማሸጊያዎቹ እሑድ ጠዋት ወደ ሕንፃው ገብተው ክዳናቸው ተከፍቶ አደረ፤ ከ24 ሰዓት በኋላ የክፍሉን ሙቀትና እርጥበት ሲይዙ ሰኞ እያንዳንዱ ሥራ ሲገባ ከተነሣው ፎቶ ጋር እየተነጻጸረ ታሸገ። ሦስቱ የ16 ሚሊ ሜትር ቅጂዎች የዞሩበት ብዛት በየቆርቆሯቸው ላይ ተጽፎ ለአርቲስቷ ተመለሱ።